የአጥሩ ቅጠልና የጋሽ ራዲዮ ጉበት

ሰው ሲናደድ ቆሽቱ ያርራል፣ ሲያዝን አንጀቱ ይላወሳል፣ ሲደነግጥ ልቡ ይመታል። ጉበት ግን ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ የለበትም። ሚዛን ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ወሬዋን የምትጀምረው ከዚሁ ነው። መጀመሪያ ታስቅሃለች፣ ከዚያ ፊቷ ኮስተር ይልና፣ "እስቲ አስበው፣ የእሱን ያህል ሥራ የሚበዛበት የለም፤ ግን አብዛኛው እስኪበላሽ ድረስ እንኳ ኧረ አመመኝ አይልም" ትላለች።

ሚዛን የቤት ስሟ ነው። ያወጣላት የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው። ልጅ ሆና ከእህቷ ጋር ዳቦ ሲካፈሉ ሁለቱን ቁራሽ በሁለት መዳፏ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የቱ እንደሚከብድ ሳታረጋግጥ አትቀምስም ነበር። ስሙ አብሯት አደገ። ዛሬ በምትሠራበት የመድኃኒት ዕፅዋት ቤተ ሙከራ ውስጥ አለቃዋ ዶክተሯ ሳትቀር በዚሁ ስም ነው የምትጠራት። ሥራዋም ለስሙ ልክ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ጠዋት ጋዋኗን ለብሳ ወደ አይጦቹ ክፍል ትገባለች። ክፍሉ ሞቅ ያለ ነው፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል፤ የውሃ ጠርሙሶቹን ጫፍ በጥርሳቸው ሲነካኩ ክፍሉ ሁሉ ቅጭልጭል ይላል። ነጫጭ፣ ቀያይ ዓይን ያላቸው አይጦች ናቸው። አዲስ የመጣች አይጥ ከሆነች መጀመሪያ ጓንቷን ታሸትታታለች፤ "ትተዋወቀኝ" ትላለች። ከዚያ በሁለት እጇ ደግፋ አንስታ ትመዝናታለች፤ የምትወስደው መጠን የሚቆረጠው በክብደቷ ነውና።

ሰፈር ውስጥ ሥራዋ ከተሰማ ወዲህ ሰላም የላትም። አንዷ ለኩላሊት፣ ሌላው ለመላጣ የሚሆን ቅጠል በላስቲክ ቋጥሮ፣ "እቺን ለአይጦችሽ ሞክሪልኝ" ይላታል። "አይጦቼ መላጣ አይደሉም" ብላ ትመልሳለች።

የዚህ ታሪክ ቅጠል ግን ከሰፈር አልመጣም። የመጣው ከአጎቷ አጥር ጥግ ነው።

ያን ስም ያወጣላትን አጎቷን ሰፈሩ ጋሽ ራዲዮ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ራዲዮ ሲጠግን ነው የኖረው፤ አንድ ሰው በቁሙ ሁለት ሰው በጎን በሚገባባት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ሱቅ። አሁን ጡረታ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ካረፈች ቆይታለች። አብሮት የሚውለው አጥር የሚጋራው ልብስ ሰፊው ነው፤ የሁለቱ ወዳጅነት ሲሰዳደቡ መዋል ነው።

ጋሽ ራዲዮ ድካም በዛበት። ደረጃ ሲወጣ እግሩ አልታዘዝ አለ፣ ሆዱ ይነፋ ጀመር። ሚዛን እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው። ደሙ ታየ፤ ጉበቱ እንደተጎዳ ተነገረው፤ በምስል ሲታይም ጠባሳ አለው ተባለ። ሐኪሙ ትኩር ብሎ አየውና፣ "መጠጥ የለም። ምንነቱ ያልታወቀ የቅጠል መረቅም የለም። ቀጠሮህን ጠብቀህ ትመጣለህ" አለው።

መጠጡ አላስቸገረውም፤ ድሮም አይጠጣም። ቅጠሉ ነው ያስቸገረው። ባለቤቱ በሕይወት ሳለች፣ ሆዱን ሲነፋው፣ ራሷ ከአጥሩ ጥግ ከተከለችው ግራጫ ቅጠል ካለው ቁጥቋጦ ቀንጠብ አድርጋ በሙቅ ውሃ ትሰጠው ነበር። አሁን እሷ የለችም፤ ቁጥቋጦው አለ። ጠዋት ጠዋት ሳይጠጣ አይወጣም።

"ሐኪሙ ተው አላለህም፣ ጋሼ?" አለችው ሚዛን።

"ሐኪሙ ቅጠሉን ያውቀዋል?"

"አያውቀውም።"

"ይኸውልሽ! የማያውቀውን ነው ተው ያለኝ።"

በዚያው ሰሞን ዶክተሯ ሰዎች ለጉበት ብለው የሚጠጧቸውን ዕፅዋት እየሰበሰበች ነበር። ሚዛን የአጎቷን ነገር አወራቻት። ዶክተሯ ዕፅዋት ከሚለይ ባለሙያ ጋር መጣች፤ ባለሙያው አንድ ቅርንጫፍ ከነአበባው ቆርጦ በጋዜጣ መካከል ዘርግቶ ተጫነው። ጋሽ ራዲዮ ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባችለት አባት ይመስል ደረቱን ነፍቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ልብስ ሰፊው ከማዶ ሆኖ፣ "ዶክተር፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሰውየውን ወስደሽ መርምሪልን" አለ።

ጋሽ ራዲዮ ሚዛንን ወደ ጎን ጠራት። "ስሚኝ፤ አይጦቹ ይፍረዱ። እነሱ ጠጥተው ያውቁታል። ይጠቅማል ካሉ እጠጣለሁ፣ አይጠቅምም ካሉ እተዋለሁ። ክርክር የለም።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ እጠጣለሁ።"

ሚዛን ይህን ስትነግረኝ እጆቿን ዘርግታ ነበር። "ገባህ? ቅጠሉ ደህና ከሆነ ደህና። ካልሆነ ግን እኔ ቤተ ሙከራ ቁጭ ብዬ ስመዝን፣ እሱ የቀረችውን ጉበቱን በየማለዳው ያጥባታል።"

ሥራው ተጀመረ። ቅጠሉ ፀሐይ በማያገኘው መደርደሪያ ላይ ተሰጥቶ ደረቀ፣ ተፈጨ፣ በፈሳሽ ተዘፍዝፎ ቀናት ቆየ፣ ተጠለለ፣ ፈሳሹ በዝግታ ተነነ። መጨረሻ ላይ ማሰሮው ሥር የቀረው ጥቁር አረንጓዴ፣ ማንኪያ የሚይዝ ሙጫ ነገር ነበር። ኮሪደሩ ሁሉ እርጥብ ድርቆሽ ሸተተ።

ጋሽ ራዲዮ እያንዳንዷን እርምጃ ማወቅ ይፈልጋል። ሚዛን ቤቱ በሄደች ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ኩባያ ታሰልፍለታለች። "ይኼኛው ቡድን ምንም አይነካም፤ ውሃ ብቻ። ይኼኛው ጉበትን የሚጎዳውን ኬሚካል ብቻ ይቀበላል። ይኼኛው ኬሚካሉን ከታወቀ የፋብሪካ መድኃኒት ጋር። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ቅጠሉን አንዱ በትንሹ፣ አንዱ በብዙው ሲወስዱ ይቆዩና ከዚያ ኬሚካሉ ይሰጣቸዋል። ይቺ የመጨረሻዋ ቅጠሉን በብዙው ብቻ ነው፤ ኬሚካል አይነካትም።"

"እሷ ለምን አስፈለገች?"

"ለደንቡ ነው። ቅጠሉ በራሱ ምንም እንደማያደርግ ለማየት።"

"ገባኝ፣ ገባኝ። ራዲዮ አልናገር ሲል አንዱን ዕቃ ነቅለሽ ታዳምጫለሽ፤ መልሰሽ ትሰኪና ሌላውን ትነቅያለሽ። ሁሉን አንዴ ከነካካሽ ግን ምን እንዳዳነው አታውቂም።"

"ልክ እንደሱ።"

"ኬሚካሉስ ምንድን ነው?"

"ካርቦን ቴትራክሎራይድ ይሉታል። እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ሽታው ጣፈጥ ይላል። ድሮ ቅባት ለማጽዳት ይጠቀሙበት ነበር፤ አሁን በየቦታው ተከልክሏል።"

ጋሽ ራዲዮ ኩባያዋን አንስቶ አስቀመጠ። "በቆርቆሮ የሚመጣው? በብሩሽ እየነከርን የራዲዮ መገናኛ የምናጥብበት?"

"እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ሊሆን ይችላል።"

"እሱ ነው። ሽታውን አልረሳውም። ክረምት ክረምት በሩን ዘግቼ..." አለና አፍንጫውን ነካ አደረገ።

ሚዛን ነገሩ ከነከናትና፣ ጉበቱን የጎዳው ይኼ ይሆን ብላ ሆስፒታል ያለውን ሐኪም ጠየቀችው። ሐኪሙ፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ጉበት የሚጎዳ ነገር ብዙ ነው፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ማንም ቆርጦ ሊናገር አይችልም አላት። ጋሽ ራዲዮ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አይጦቹን "ባልደረቦቼ" ማለት ጀመረ። ስልክ ሲደውል ከሰላምታ በፊት፣ "ባልደረቦቼ እንዴት አደሩ?" ነው።

ጊዜው ደረሰ። የአይጦቹ ደም ተመረመረ፤ ጉበታቸው ወጥቶ፣ ከወረቀት በሳሳ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ በመስታወት ስላይድ ላይ ተለጠፈ። ስላይዶቹን በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ባለሙያ የየትኛው ቡድን እንደሆኑ እንዲያውቅ አይደረግም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። ይኼ የሥራው ሕግ ነው። ሰው የሚፈልገውን ማየት ይወዳልና፣ ዓይኑ እንዳያዳላ ነው።

የስላይዶቹ አንባቢ ዝምተኛ ሰው ነው። ቀና ሳይል፣ "እነዚህ ከኬሚካሉ ጋር የነበሩ ናቸው?" ብሎ ጥቂት ስላይዶችን ወደ ጎን ገፋቸው። "ክፉኛ ባይሆንም ተጎድተዋል። ሴሎቹ አብጠዋል፤ እዚህም እዚያም ሞተዋል።"

የቁጥሮቹ ፍቺ ሲከፈት ዶክተሯና ሚዛን ተያዩ። ቅጠሉን በትንሹ የወሰዱት አይጦች ኬሚካሉን በሚገርም ሁኔታ ተቋቁመውታል፤ ከፋብሪካው መድኃኒት እምብዛም አይርቁም። ሚዛን ለአጎቷ ልትደውል ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ከዚያ ዶክተሯ አንባቢው የገፋቸውን ስላይዶች ቁጥር አነበበች። ለደንቡ ተብለው የተቀመጡት ናቸው። ቅጠሉን በብዙው ብቻ የጠጡት። ኬሚካል ያልነካቸው።

ስልኩ ወደ ኪሷ ተመለሰ።

"ቁጥር ተቀያይሮብሽ ይሆናል፣ ሚዛን" አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ንግግር አታልፈውም ነበር፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ጠርሙስ የማይቀያየርባት ሰው ብትኖር እሷ ናት። ያን ቀን ግን፣ "እሺ፣ ይሆናል" አለች። በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳስቼ በሆነ ብላ ተመኘች። መሳሳቷን ፍለጋ ጠርሙሶቹን ሁሉ አወጣች፣ አሸተተች፣ የተለጠፈባቸውን ቁጥር አየች። ስህተት አጣች። ደሙም ያንኑ ይላል።

"ይደገማል" አለች ዶክተሯ። "በሌሎች አይጦች፣ ቁጥሩን ሌላ ሰው ይለጥፍ። አንድ ጊዜ ስላየን ብቻ አናወራም።"

ሚዛን አጎቷ ጋ ሄደች። ዓይኑን ሳታይ፣ "ጋሼ፣ ለጊዜው ብትተወውስ?" አለችው።

"ፍርዱ ወጣ?"

"አልወጣም። እየደገምነው ነው።"

"የሚደገመውማ ነገር ስላለ ነው።"

"ስላለ ነው። ገና እርግጠኛ አይደለንም እንጂ።"

"እንግዲያው ሲወጣ ንገሪኝ። እኔ ደንብ አክባሪ ነኝ" አለና ኩባያውን ጨለጠ። እሷ እያየችው።

ሲጨልጥ ነው ያየችው። ኩባያው ግድግዳ ላይ የቀረው ነገር አልወርድ አለ፤ ተጣብቆ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ማሰሮው ሥር የቀረውን ሙጫ አስታወሳት። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ቅጠሉን እንጂ መጠጡን አልመዘነችም ነበር። እሷ! ሚዛን!

"ጋሼ፣ እንዴት ነው የምታፈላው?"

ፊቱ በራ። ማንም ጠይቆት አያውቅም። ወደ ማድቤቱ ወሰዳትና ድስቱን ከፈተላት። "ድስቱን ቅጠል እሞላለሁ። ሲፈላ ውሃው ሲጎድል አልጨምርም። አጠልለውና ሌላ አዲስ ቅጠል ጨምሬበት እንደገና። ከዚያ አሁንም። እንዲህ ሲወፍር ነው የሚወጣው።"

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። "አንድ ቀን አቀመሰኝ" አለ። "ምላሴ እስካሁን አልተመለሰም። ጫማ ብቀባበት ይሻለኝ ነበር።"

"አንተ ምን ታውቃለህ! ክርና መርፌህን ያዝ።"

"እኔማ ጉበቴን ይዣለሁ።"

ሚዛን አልሳቀችም። "እትዬም በሕይወት ሳለች እንዲህ ነበር የምታፈላልህ?"

"እሷማ?" አለ ጋሽ ራዲዮ። "እሷ ሦስት አራት ቅጠል ጣል አድርጋ፣ ውሃው ቀለም እንኳ ሳይዝ ነበር የምትሰጠኝ። ያሻሻልኩት እኔ ነኝ። ያኔ የሆድ መንፋት ነበር፤ አሁን ግን ጉበት ነው። ራዲዮ ድምፁ ሲያንስብሽ ምን ታደርጊያለሽ? ትጨምሪበታለሽ።"

በጠርሙስ ቀድቶ ሰጣት፤ ለናሙና ስትለው ክብር መስሎት ጠርሙሱን አጥቦ፣ ወልውሎ ነው የሞላላት። ቤተ ሙከራ ወስዳ አንዷን ኩባያ ልክ በጠፍጣፋ ሳህን ላይ አፈሰሰችና በሙቅ ውሃ ላይ ጣደችው። ውሃው ተነነ። የቀረውን ቅርፊት ስትመዝነው ከጠበቀችው እጅግ ከበዳት፤ ሚዛኑን ያመነችው ደጋግማ ዜሮ ላይ ካስገባችው በኋላ ነው።

ሳህኑን እንደያዘች ዶክተሯ ፊት አስቀመጠችው። "ይኼ አጎቴ በአንድ ጠዋት የሚጠጣው ነው።"

ዶክተሯ ሳህኑን አዟዟረችው። "አየሽ፣ አይጥ አጎትሽ አይደለም። የእኛ ጭማቂና የእሱ ፍል አንድ አይደሉም። ከአይጥ ወደ ሰው በቀጥታ አንሰላም።"

"አውቃለሁ።"

"ግን ጠባሳ ጉበት ያለው ሰው በየቀኑ ይህን ሲጠጣ እያየሁ ዝም አልልም። ሁለተኛው ዙርስ?"

ሁለተኛው ዙር በዚያው ሳምንት ወጣ። አንባቢው በአዲሶቹ ቁጥሮች ላይ እንደ ልማዱ አቀርቅሮ ጥቂት ስላይዶችን ወደ ጎን ገፋ። ፍቺው ሲከፈት አሁንም ቅጠሉን በብዙው ብቻ የጠጡት ናቸው።

ሚዛን ጋሽ ራዲዮ ጋ የሄደችው ከሰዓት በኋላ ነው። አጥሩ ሥር ወንበር አውጥቶ ቁጥቋጦውን እያየ ተቀምጧል። ፊቷን ሲያይ ራሱ ጀመረው።

"ባልደረቦቼ ፈረዱ?"

"ፈረዱ።"

"አይጠቅምም አሉ?"

"እንደሱ ቢሉ ይቀለኝ ነበር። ትንሹ ጠቅሟቸዋል፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ነው የገረመን። ግን እሱንም የሰጠናቸው ከኬሚካሉ አስቀድመን ነው። የአንተ ጉበት የተጎዳው ድሮ ነው፤ ለእሱ ቅጠሉ ምን እንደሚያደርግ እኛም አናውቅም።"

"ብዙውስ?"

"ብዙው ብቻውን ጎዳቸው። ኬሚካል ሳይነካቸው። ለደንቡ ያልኩህ ቡድን ነው፣ ጋሼ። መጀመሪያ አላመንነውም፤ ደገምነው፤ ያው ሆነ።"

ጋሽ ራዲዮ አንድ ቅጠል ቀነጠበ። በጣቱ መካከል አሸው፣ አሸተተው። ቁጥቋጦውን የተከለችው ማን እንደሆነች ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስሟን ግን አላነሱም።

"እሷ አልጎዳችኝም" አለ በመጨረሻ።

"ማን አለ? እሷ ውሃው ቀለም ሳይዝ ነበር የምትሰጥህ።"

"እኔ ነኝ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ ስፒከሩን የቀደድኩት።" ከዚያ ዓይኑ የተበላሸ ራዲዮ ከፍቶ ሲያይ እንደነበረው ነቃ አለ። "ቆይ። ቀደድኩት ወይ? እኔ አይጥ አይደለሁም።"

"ዶክተሯም ይህንኑ ነው ያለችው።"

"በምን እናውቃለን?"

"ሆስፒታል ደምህን ዛሬ ሰጥተህ፣ ቅጠሉን ሙልጭ አድርገህ ትተህ፣ ሐኪሙ ባለህ ጊዜ እንደገና ትሰጣለህ። አንዱን ዕቃ ነቅለን እናዳምጣለን።"

"ሌላውን ሳንነካካ።"

"ሌላውን ሳንነካካ።"

ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። "ድስቱን ለእኔ ስጠኝ፤ የሸሚዝ ቁልፍ ላስቀምጥበት።"

"እንካ ውሰደው፤ አንተ ሬሳ ልብስ ሰፊ!" አለ ጋሽ ራዲዮ፤ እውነትም ከነክዳኑ በአጥሩ ላይ አሳልፎ ሰጠው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል አልነበሩም። ሚዛን ጠዋት ስትደውል ይነጫነጭባታል፤ እጁ ባዶ ሆኖበት ነው። ሙቅ ውሃ ብቻ በዚያችው ኩባያ መጠጣት ጀመረ። ወር ያህል ቆይቶ ደሙን በድጋሚ ሰጠ፤ ውጤቱን የሰጣቸው ያ ሐኪም ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ቅንድቡን አነሳ። የጉበቱን ጉዳት የሚያሳየው ቁጥር ወርዷል። የጤነኛ ሰው ልክ ላይ አልደረሰም፣ ጠባሳውም የትም አይሄድም፤ ግን ወርዷል፣ እሱም በደንብ።

"ምን አደረግክ?" አለው።

"ያሉኝን ሰማሁ" አለ ጋሽ ራዲዮ፤ ሚዛንን በክርኑ እየጎሰመ። "ትንሽ ዘግይቼ ነው እንጂ።"

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ሚዛን ዓይኗን በመሀረብ እየጠረገች ነው፤ እሱ ወረቀቶቹን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ያያል። ደስታው እስኪወጣለት ጠበቀችው። ግንባሩ ግን እየተኮማተረ ሄደ።

"ሚዛኔ።"

"አቤት።"

"ይኼ የወረደው ቅጠሉን ስለተውኩ ነው? ወይስ እንዲሁ በራሱ ሊወርድ ኖሮ ነው?"

"ስለተውከው ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል አይበቃም። በደንቡ ከሆነ፣ የነቀልሽውን ዕቃ መልሰሽ ሰክተሽ ደግሞ ማዳመጥ አለብሽ። ድምፁ ያኔ ከተበላሸ..."

"ጋሼ!"

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። "ጠየቅኩ እንጂ አልጠጣሁ" አለ። "ድስቱ እኮ ቁልፍ ሞልቶበታል።"